ለፈረስ ግቢ የምትሆን የጭነት ተሽከርካሪ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ሚዛን ያዙ

ቦሩ ሜዳ አካባቢ አምስት ፈረስ አለኝ፤ ቤቴ ግን ደሴ ነው። ፍሩሽካ የምገዛው ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ በሐረጎ ቁልቁለት ወርጄ፣ ጭኜ፣ መልሼ እወጣለሁ። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ሰው "ለፈረሶቹ ግቢ ሥራ ምን ልግዛ?" ብሎ ጠይቆኛል። በስልክ የነገርኳቸው ተቆራርጦ ነው የደረሳቸው፤ አንዱማ ጭራሽ ለቦታው የማትሆን ገዝቶ አሁን ሊሸጣት ገዢ እየፈለገ ነው። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ላስቀምጠው።

የምናወራው ስለ ትንሽ ተሽከርካሪ ነው። ከጋጣ የተጠረገውን ፋንድያ የምታወጣ፣ ውሃና ድርቆሽ የምታደርስ፣ አጥር ሲወድቅ ቋሚና ሽቦ ይዛ የምትሄድ፣ አልፎ አልፎም ከተማ ወጥታ መኖ የምትጭን። አይሱዙ አያስፈልግም። የቤት መኪናም ለዚህ ሥራ አትሆንም።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ስንት ሲሲ ነው? ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? እኔ ሞተርን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የማየው ስንት ኪሎ በሰላም ትሸከማለች፣ ያንን ኪሎ እንደያዘች ደግሞ በነሐሴ ጭቃና በግቢያችን ቁልቁለት ላይ ምን ትሆናለች የሚለውን ነው። ጥር ላይ ሁሉም ነገር ይሄዳል። ሻጩም የሚያሳያችሁ ደረቅ አስፋልት ላይ ነው።

መጀመሪያ ሥራችሁን መዝኑ

አንድ ሳምንት ሙሉ የምታነሱትን ሁሉ ጻፉ። ቀልድ አይደለም፣ ደብተር ያዙ። እኔ ሳልመዝን ገዝቼ ስለነበር ነው ይህን አጥብቄ የምለው።

የእኔን ስሌት ላሳያችሁና የራሳችሁን በዚያ ልክ አውጡ። ብዙዎቹ የአገራችን ፈረሶች ከ200 እስከ 300 ኪሎ ስለሚመዝኑ 250 ብለን እንነሳ። ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ደረቅ መኖ ይበላል፤ 5 ኪሎ ማለት ነው። አምስት ፈረስ በቀን 25 ኪሎ፣ በወር ሰባት ኩንታል ተኩል ይፈጃል። ውሃ ደግሞ አንዱ በቀን ከ15 እስከ 25 ሊትር ይጠጣል፣ ሲሠራና ሙቀት ሲሆን ከዚያም ያልፋል። የአምስቱ ውሃ ከአራት እስከ ስድስት ጀሪካን ነው፤ እያንዳንዱ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው።

ሰው የሚረሳው ፋንድያውን ነው። አንድ ፈረስ በቀን ከክብደቱ 4 እና 5 በመቶ የሚሆን ያወጣል። ለአምስቱ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ነው፣ እርጥቡ ጉዝጓዝ ሲጨመርበት 80 ይደርሳል። በሳምንት አምስት ኩንታል ተኩል! እሱን በእጅ ጋሪ እየገፋችሁ ጭቃ ላይ ስታመላልሱ ወገባችሁ ይነግራችኋል። መተው ደግሞ አይቻልም፤ ከመስኩ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ካልተለቀመ በውስጡ ያለው የትል እንቁላል ይፈለፈልና እጩ ሳሩ ላይ ይወጣል፣ ፈረሱም ከሳሩ ጋር መልሶ ይበላዋል። ለትል መድኃኒት ከምታወጡት ገንዘብ ብዙው የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱት። ግቢ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ150 ኪሎ በላይ የምጭንበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ትልቁ ጭነቴ በየሁለት ሳምንቱ ከኮምቦልቻ የሚመጣው አራት ኩንታል ነው። ስለዚህ እኔ የምፈልገው አራት ኩንታልና አንድ ሾፌር ይዛ፣ ሩቡን ያህል ደግሞ መጠባበቂያ አቅም የሚተርፋት ተሽከርካሪ ናት። አንድ ቶን ለምትጭን ተጨማሪ ብር የምከፍልበት ምክንያት የለኝም። ሁለት ፈረስ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ምናልባት ሞተር ያለው ነገር ጨርሶ አያስፈልገው ይሆናል፤ ጥሩ ጎማ ያለው የእጅ ጋሪና በወር አንዴ የሚከራይ ጭነት ይበቃዋል። ይህን ስላችሁ እንዳይከፋችሁ፤ የተረፈውን ብር አጥር ላይ አውሉት።

"አሥር ኩንታል ታነሳለች" የሚላችሁ ሻጭ አይጠፋም። ታነሳ ይሆናል። ማንሳትና ማቆም ግን ሁለት ነገር ነው። አሥር ኩንታል ይዞ ሐረጎን የሚወርድ ፍሬን አላት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩንም ከአፉ አትቀበሉ፤ ሻንሲው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ወይ መመሪያ ደብተሩን አሳየኝ በሉ።

ቀጥሎ መሬቱን እዩ

መስካችሁን በነሐሴ ሂዱና በእግራችሁ ዙሩት። ቦት ጫማው ምን ድረስ ይሰምጣል? ውሃ የሚተኛው የት ነው? ዋልካ አፈር ከሆነ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ሲረጥብ ይያያዛል፣ ጎማ ላይ ይጠቀለላል፣ ከጭቃ መከላከያው ሥር ይጠቀጠቅና ጎማው መዞሩን ያቆማል።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ያዙ። ጎማ መሬትን የሚጫነው በግምት በውስጡ ባለው አየር ልክ ነው። ቀጭንና በደንብ የተነፋ ጎማ አስፋልት ላይ ይሮጣል፣ መስክ ላይ ግን እንደ ቢላ ይቆርጣል። ሰፊና አየሩ ለስለስ ያለ ጎማ ከላይ ይንሳፈፋል። ይህ የሣር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ የተቆረጠው ቦይ ጥቅምት ላይ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ፈረስ ሲጋልብ ኮቴው እዚያ ውስጥ ይገባና እግሩ ይወለማል። አንዷን ባዝራዬን ሁለት ወር ያስተኛት የራሴ ተሽከርካሪ የቆረጠችው ቦይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያደረግኩት ነገር ከየትኛውም ተሽከርካሪ በላይ ጠቅሞኛል። ከበሩ እስከ ጋጣው፣ ከጋጣው እስከ ፋንድያ ክምሩ አንድ መስመር ገረጋንቲ አለበስኩ። ስፋቱ ሁለት ሜትር ብቻ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ተሽከርካሪዋ ከዚያ መስመር አትወጣም፤ መስኩ ውስጥ ያለውን በእጅ ጋሪ ወደ መስመሩ እናመጣለን። አራቱም ጎማ የሚነዳ ውድ ነገር ለመግዛት አስባችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ የአንድ ሁለት ገልባጭ ገረጋንቲ ዋጋ ጠይቁ።

ቁልቁለቱን ደግሞ ጭነት ይዛችሁ ሳይሆን ቆማችሁ እዩት። ተሽከርካሪዋ ተዳፋቱን ወደ ጎን አቋርጣ የምትሄድበት ቦታ አለ ወይ? ቀጥ ብሎ ከመውጣትና ከመውረድ ይልቅ የሚገለብጠው ወደ ጎን መሄዱ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከበዛ ባለ ሦስት እግር አትግዙ። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

በሩንም ለኩ። ባለ ሦስት እግር ጭነት ወርዷ ከአንድ ሜትር ከሩብ ትንሽ ከፍ የሚል ነው፤ በግራ በቀኝ ቢያንስ አሥራ አምስት ሳንቲም ከሌላችሁ ሾፌሩ ሲቸኩል ቋሚውን ይነቅለዋል። ጋጣው ውስጥ ገብታ የምትዞር ከሆነም መዞሪያውን ለኩ።

ምን ምን አለ?

ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር። እዚህ አካባቢ የሁላችንም ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍባት እሷ ናት፤ ምክንያቱም ትገኛለች። መለዋወጫዋ ደሴም ኮምቦልቻም አለ፣ የማያውቃት መካኒክ የለም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መስክ ላይ የቆመች ተሽከርካሪ ፈረስ አታጠጣም። ሞተሯ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሲሲ ነው። ገበያ ውስጥ በካቴና የምትነዳም፣ በዘንግና በዲፈረንሻል የምትነዳም አለች። ለጭቃና ለጭነት ዘንጓን ምረጡ፤ ካቴና ጭቃና አሸዋ ቶሎ ይበላዋል፣ በየጊዜውም ይላላል።

ድክመቷን በደንብ ስሙኝ። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለ የቆመችበት ቅርጽ ሦስት ማዕዘን ነው። ሰፊው ጎን ከኋላ ነው። ጭነቱ ከኋላ አክስሉ አልፎ ሲቀመጥ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ ሽቅብ ላይ መሪው መያዙን ይተዋል። ቁልቁል ስትወርዱ ፍሬን እየያዛችሁ ከታጠፋችሁ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደዚያ ወደ ጠባቡ፣ ወደ ፊት ጥግ ይሄዳል። መገልበጥ የሚመጣው በዚህ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። የ200 ሊትር በርሜል ጭነን፣ ወደ ግማሽ የሚሆነውን ላይኛው ገንዳ አራግፈን፣ የእህቴ ልጅ የቀረውን ይዞ ወደ ታችኛው መስክ ወረደ። ዝግ ብሎ ነበር የሚነዳው። መታጠፊያው ላይ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ተሽከርካሪዋም ተከተለችው። ልጁ ዘለለ። ክንዱ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ከረመ። ጎረቤታችን ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋሪ የነዱ፣ መጥተው ካዩ በኋላ "ልጄ፣ ውሃ ወይ ሞልቶ ነው የሚጫን ወይ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ነው፤ የጎደለ በርሜል መንገድ አይወጣም" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በርሜል ጭነን አናውቅም። ውሃ በጀሪካን ነው፤ ሙሉ ሙሉውን፣ እርስ በርሱ ታስሮ፣ ከአክስሉ ፊት ለፊት ተደርድሮ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን፣ ሜዳ ለሆነ ቦታና ከአራት እስከ ስምንት ፈረስ ላለው ሰው አሁንም የምመክረው እሷን ነው። የጭነት ሣጥኗ ወደ ኋላ የሚገለበጥ ከሆነ እጥፍ ትጠቅማለች። ፋንድያን በአካፋ መጫን አንድ ነገር ነው፤ በአካፋ ማራገፍ ግን ቀኑን የሚበላ ሥራ ነው። በእጅ የሚገፋም ይሁን በሃይድሮሊክ፣ ገልባጭ የሆነችውን አስቀድሙ።

የሰው ባጃጅ። ከኋላ ወንበሩን አውጥተው መኖ የሚጭኑባት አሉ። አታድርጉት። ባሌስትራውም አካሉም ለዚህ አልተሠራም፣ ጣሪያው ድርቆሽ አያስገባም፣ ትንሽ ጎማዋም በመጀመሪያው ዝናብ ትቆማለች።

ባለ አራት እግር ሞተር፣ ማለትም እንደ ሞተር ሳይክል ኮርቻዋ ላይ የሚቀመጡባት፣ ለአጥር ዙሪያ ቅኝት ምቹ ናት። ግን የምትሸከመው ጥቂት ነው፣ ተሳቢ ካልቀጠላችሁላት ለፋንድያ ሥራ አትሆንም። መለዋወጫዋም እዚህ ብርቅ ነው። ውጭ አገር ያሉ ፈረስ አርቢዎች በብዛት የሚጠቀሙት ሌላ ዓይነት ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጡባት፣ መሪ ያላት፣ ከኋላ ትንሽ ገልባጭ ሣጥን ያላት። ያቺ በትክክል ለዚህ ሥራ የተሠራች ናት። የምትገኝበት ዕድል ካላችሁና የሚጠግናት ሰው ካወቃችሁ ሌላ አትፈልጉ። ካልሆነ ግን ከእሷ አራት ነገር ተማሩና የምትገዙት ላይ ፈልጉ፦ ዝቅተኛ ማርሽ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማ አንድ ላይ የሚያስር የዲፈረንሻል ቁልፍ፣ ገልባጭ ሣጥን፣ ከሾፌሩ በላይ የብረት መከላከያ። አራቱም በአንድ ላይ አይገኙም። ዝቅተኛ ማርሽና ገልባጭ ሣጥን ካገኛችሁ ግዙ። ቁልፉ ከሌለ አንደኛው የኋላ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ሁሉ ወደ እሱ ሄዶ ብቻውን ይሽከረከራል፣ ሌላው ደረቅ መሬት ላይ ሆኖ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ሁለት ጠንካራ ጣውላ ሁልጊዜ ጭናችሁ ሂዱ።

ያረጀች ፒካፕ። ከተማና መስክ የሚያመላልስ ሰው ይወዳታል፣ እኔም እወዳታለሁ። ባዶዋን ግን ከአንድ ቶን በላይ ትመዝናለች። ክረምት መስክ ውስጥ ከገባች የምታደርሰው ጉዳት ከሥራዋ ይበልጣል። ገረጋንቲ መንገድ ካላችሁ ብቻ።

የእጅ ትራክተር፣ ማለትም ሁለት ጎማ ብቻ ያለው፣ ከኋላ ተሳቢ ተቀጥሎለት ሾፌሩ ተሳቢው ላይ ተቀምጦ በረጃጅም እጀታ የሚነዳው። ለጭቃ ከእሱ የተሻለ አላየሁም። ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር አለው፣ በዝግታ ይሄዳል፣ ከተፈለገ የብረት ጎማ ይገባለታል፤ በዚያ ላይ መሬት ያርሳል። መኖ ራሱ የሚያመርት ሰው ቢያስብበት ጥሩ ነው። አንድ አደጋ ግን አለው፣ የማያውቅ ሰው አይንካው። መታጠፊያው በየጎኑ ባለ ፍሪሲዮን ነው፤ የግራውን ስትይዙ የግራ ጎማ ጉልበት ያጣና ወደ ግራ ይታጠፋል። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ከኋላ ሲገፋው ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ የግራውን ስትይዙ የተለቀቀው ጎማ ይቀድምና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ይህን በባዶ ተሳቢ፣ በትንሽ ቁልቁለት ደጋግሞ ያልተለማመደ ሰው በጭነት አይውረድ።

የእንስሳ ጋሪንም አትርሱት። ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር፤ እዚህ አገር ፈረስ ለሰው ስም የሚሰጥ ነገር ነው። ስለዚህ ለግልቢያና ለጉግስ ያሳደገውን ፈረስ ፋንድያ ጋሪ ላይ ማሰር ብዙ ሰው ይከብደዋል፤ ይገባኛል። አንድ ጠንካራ አህያና ባለ ጎማ ጋሪ ግን የግቢ ውስጡን ሥራ ሁሉ ይሸፍናሉ። ቤንዚን ሲጠፋ እኔ ዘንድ ሥራው የሚቀጥለው በእሱ ነው።

አሁን ስለ ሞተሩ

ደሴ ከባሕር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ ተራ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ወረቀቱ ላይ 14 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ደሴ ስትደርስ የሚቀራት አሥር ተኩል አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሞክራችሁ "ጎበዝ ናት" ብላችሁ ገዝታችሁ ሽቅብ ስትወጡ የምትደክምባችሁ ለዚህ ነው፤ ተበላሽታ አይደለም። ካርቡሬተር ያላት ከሆነች መካኒኩ ቤንዚኑን ለከፍታው ልክ ያስተካክልላችሁ። ጥቁር ጭስ ካወጣችና ካንዴላዋ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶባታል ማለት ነው። የምትኖሩት ደሴ ወይ ቦሩ ሜዳ ከሆነ ሙከራውን እዚያው አድርጉት።

የኤሌክትሪኳ ጉዳይም አሁን አሁን እየተነሳ ነው፣ በተለይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ ባትሪ ያወራል። ለፈረስ ግቢ በእውነት የምትስማማበት ነገር አለ። ድምፅ የላትም፣ ከፍታ ጉልበቷን አይቀንሰውም፣ ከቆመችበት ስትነሳ ሙሉ ጉልበት ይዛ ነው፣ ጋጣ ውስጥም ጭስ አትለቅም። ግቢው መብራት ካለውና ሥራው ውስጥ ለውስጥ ብቻ ከሆነ እኔ ዛሬ ብገዛ እሷን ነበር የምገዛው። ግን ባትሪውን ጠይቁ። ሊድ የሚባለው ርካሽና ከባድ ነው፣ በየጊዜው ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል። ሊቲየሙ ይወደዳል፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል። "በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር" የሚባለው ያለ ጭነት፣ ሜዳ ላይ የተለካ ነው፤ በጭነትና በሽቅብ ግማሹን ብቻ ቁጠሩ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ አለው፣ ስለዚህ ለዚያ መንገድ አትመኩባት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ማታ ማታ ሳትረሱ ቻርጅ አድርጉ።

ስትሞክሯት

ያገለገለች ከሆነች ጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩም ቀዝቃዛ ይሁን። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን እመጣለሁ በሉ። በብርድ ስትነሳ የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነና ካልቆመ ዘይት እያቃጠለች ነው፣ የፒስተን ፋሻዋ አልቋል። ከዚያ ጭናችሁ ሞክሯት። ባዶ ሙከራ ሙከራ አይደለም። አራት ኩንታል ፍሩሽካ፣ ወይ በዚያ ልክ አሸዋ በማዳበሪያ፣ ጫኑና ሽቅብ ውጡ። መሐል ላይ አቁሟት። የእጅ ፍሬኑ ብቻውን ይይዛታል? ከዚያ ወደ ኋላ ሳትንሸራተት ትነሳለች? ሞተሩ እየጮኸ እሷ የማትሄድ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ተበልቷል። በመልሱ ቁልቁል በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ሁለት ሦስቴ ፍሬን ያዙ፣ ከዚያ የኋላ ጎማዎቹ መሐል ላይ እጃችሁን አቅርቡ፤ አንዱ ከሌላው በጣም የሚሞቅ ከሆነ ፍሬኑ እኩል አይደለም፣ ወይ ኩሽኔታው ተበልቷል።

ታች ግቡና ሻንሲውን እዩ። በተለይ የጭነት ሣጥኑና ባሌስትራው የሚያያዙበት ቦታ ላይ አዲስ ብየዳ፣ ወይም እዚያ ቦታ ብቻ የተቀባ ቀለም ካለ ተሰብራ የተጠገነች ናት። በዚህ አንድ ምክንያት ሁለት ተሽከርካሪ ትቼ መጥቻለሁ፣ አልቆጨኝም።

መካኒካችሁን ከሻጩ በፊት አግኙት። "ይህን ዓይነት ትጠግናለህ? ፍሪሲዮንና ካላማዳሪያ የት ነው የሚገኘው?" ብላችሁ ጠይቁት። ትከሻውን ከሰበቀ ያንን ዓይነት ተዉት።

ወረቀቱን በአጭሩ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተሽከርካሪዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ሰሌዳ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን። "ግቢ ውስጥ ብቻ ነው የምነዳት" ብላችሁ እንዳትተዉት፤ አንድ ቀን መኖ ለመጫን መንገድ መውጣታችሁ አይቀርም። የሚነዳትም ሰው ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ ይኑረው።

ግቢ ከገባች በኋላ

ትልቁ ፍርሃቴ እሳት ነው። ደረቅ ጭድና ድርቆሽ ማርሚታው ላይ ይወድቃል፣ ሞተሩና ሻንሲው መሐል ይጠቀጠቃል፣ ማርሚታው ሲግል ይያዛል። ድርቆሽ በጫናችሁ ቁጥር ጎንበስ ብላችሁ ሥሩን አጽዱ። የሞቀች ተሽከርካሪ ድርቆሽ ክምር አጠገብ ወይ ጋጣ ውስጥ በፍጹም አታቁሙ። ቤንዚንም እዚያ አትሙሉ።

ፋንድያና ሽንት ብረት ይበላሉ። የሣጥኑን ወለል ወይ በጣውላ ወይ በወፍራም ፕላስቲክ አልብሱት፣ ማታ ማታ ደግሞ በባልዲ ውሃ እጠቡት። መኖና ፋንድያ በአንድ ሣጥን የምትጭኑ ከሆነ ይህ ለፈረሱም ጤና ነው። ለመኖ የሚሆን ንጹሕ ሸራ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ፈረሶቹን ለማለማመድ አትቸኩሉ። እኔ መጀመሪያ ሞተሯን አጥፍቼ መስኩ ዳር ሦስት ቀን አቆምኳት፣ ሣጥኗ ላይ ትንሽ ገብስ አደረግሁ። ራሳቸው መጥተው አሸተቱ፣ በሉ። ከዚያ ራቅ ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ወደ እነሱ ሳልነዳ። ሲለምዱት በዝግታ አለፍኩ፣ ሁልጊዜም በሚያዩኝ በኩል እንጂ ከኋላቸው አይደለም። በሳምንት ውስጥ አራቱ ተረጋጉ። አምስተኛው፣ ከገበያ ሲመጣ ጀምሮ ድንጉጥ የሆነው፣ ወር ፈጅቷል፤ ጠበቅነው። በዚያ ወር ውስጥ እሱ ባለበት መስክ ሥራውን በአህያ ጋሪ ሠራን።

ለደቂቃ እንኳ ቢሆን ፈረስ ተሽከርካሪዋ ላይ አትሰሩ። ሲደነግጥ ሦስት ኩንታል የማትሞላ ባዶ ባለ ሦስት እግር ይጎትታል፣ የሚጎትተው ነገር ደግሞ ከኋላ ሲከተለው ይበልጥ ይሮጣል። በር አጠገብ አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ቋሚ በደንብ ቅበሩና እዚያ እሰሩት። ስትወርዱም ማርሽ ውስጥ አስገቧት፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ።